ፈርቻለሁ ያለችው ጓደኛዬ

ሪያድ ውስጥ በተማርኩበት የሴቶች ኮሌጅ በር ላይ ጠዋት ጠዋት መኪኖች ተደርድረው ይቆሙ ነበር። አባቶች፣ ወንድሞችና ሹፌሮች ሴቶቹን አውርደው ይሄዳሉ። በሩን ካለፍን በኋላ ዐባያችንን አውልቀን እንሰቅልና ነጭ ጋውናችንን እንደርባለን። ውጭ ጥቁር የነበረው ሰልፍ ውስጥ ሲገባ ነጭ ይሆናል። በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ላይ ነርስነት ልማር ስገባ፣ ከዚያ ሁሉ ነጭ መሀል አንዲት ቀጭን ልጅ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አለችኝ።

«ነኝ!» አልኳት ጮክ ብዬ።

ደንግጣ ዙሪያዋን አየች። «አልሐምዱሊላህ። ብቻዬን መስሎኝ ነበር» አለች።

ያን ጊዜ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው የአገራችን ሰው በብዛት ወደ አገሩ የሚመለስበት ወቅት ነበር። በየቤቱ የሚወራው ማን ተያዘ፣ ማን ሄደ የሚል ነው። እኛ ሁለታችን እዚያው ከተማ ያደግን፣ ከአማርኛ ይልቅ ዐረብኛ የሚቀናን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን በአባቶቻችን ስም የተንጠለጠለ ልጆች ነበርን። እንዲህ ያለ ሰው ጓደኛ ለመሆን ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

የእኔ አባት ዲራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ቤት ይሠራ ነበር፤ እናቴ ሙረባዕ ሰፈር ካለው አሮጌ ቤታችን ውስጥ ሆና ልብስ ትሰፋለች። የኛ ቤት የጩኸት ቤት ነው። የስፌት መኪናው ይንኳኳል፣ ጎረቤት ይገባል፣ አባቴ ከደረጃው ጀምሮ እየተጣራ ነው የሚመጣው። የጓደኛዬ ቤት ግን ሌላ ነበር። አባቷ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሹፌር፣ እናቷ የዚያው ቤት ሠራተኛ ናቸው። የሚኖሩት ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። እሷ እዚያ ነው ተወልዳ ያደገችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲነገራት የኖረው አንድ ነገር ነበር፤ «ድምፅሽን ቀንሺ፣ የሰው ቤት ነው።» ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ስታለቅስ ድምፅ የላትም። በሩን ስትዘጋ እንኳ እጀታውን ይዛ ቀስ አድርጋ ነው የምትመልሰው።

በትምህርት ግን የሚደርስባት አልነበረም። አጥንቶቹን፣ ጡንቻዎቹን፣ የመድኃኒቶቹን ስም ሁሉ ታውቃለች። ካፊቴሪያ ቁጭ ብለን ስታስጠናኝ፣ እኔ ከመጽሐፉ የማይገባኝ ከእሷ ሹክሹክታ ይገባኛል።

የመጀመሪያው ተግባራዊ ፈተና ደረሰ። ተማሪዋ አንድ በአንድ ትገባለች፤ ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል፤ አልጋው ላይ በሽተኛ መስላ የተኛች ሴት አለች። የደም ግፊት መለካት፣ እየለኩም ለሚጠየቁት ድምፅን ከፍ አድርጎ መመለስ ነው ፈተናው። እኔ ጨርሼ ስወጣ እሷ ገባች። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና እየሮጠች አጠገቤ አለፈች። መሮጧን ሳይሆን በሩን አላትማ መውጣቷን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

ከሶላት በፊት የምንታጠብበት የውዱእ ክፍል ውስጥ አገኘኋት። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈሳል። ግድግዳው ላይ ተጣብቃ ቆማለች።

«እህቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ልሞት ነው» አለችኝ። «ልቤ ሊወጣ ነው። እጄን እዪው። መለኪያውን ከእጄ ጣልኩት። ስሜን እንኳ ሲጠይቁኝ ጠፋኝ።»

«ታውቂዋለሽ እኮ! ትናንት አንቺ አይደለሽ ያስረዳሽኝ? ተረጋጊ!»

«ተረጋጊ አትበይኝ። ለአባቴ እነግረዋለሁ። ኸላስ፣ በቃኝ፣ ትምህርት አልችልም።»

ይህን ስትል አንዷ ፈታኝ ገቡ። የአእምሮ ጤና የሚያስተምሩን ሱዳናዊት መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ሲራመዱ የማይቸኩሉ ሴት። ይቆጧታል ብዬ ስጠብቅ ቧንቧውን ዘጉና ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ቆሙ።

«አንቺም አውልቂ» አሏት።

አወለቀች።

«ከእግርሽ ስር ምን አለ?»

«ወለል።»

«ምን ይመስላል?»

«ቀዝቃዛ ነው። ርጥብ ነው።»

«ልብሽ አሁንም ይመታል?»

«አዎ።»

«ይምታ። አትታገዪው፣ ሥራውን ይሥራ። እግርሽ የት ነው ያለው?»

«ወለሉ ላይ።»

ሁለቱ ሴቶች በባዶ እግራቸው ፊት ለፊት ቆመው እንዲህ ያለ ነገር ሲነጋገሩ፣ እኔ በሆዴ ‹ሴትዮዋን ምን ነካቸው› እያልኩ ነበር። ግን የጓደኛዬ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁ። ቀጥሎ ትንፋሿ ረዘም አለ። መምህሯም ጫማቸውን አጥልቀው፣ «ድጋሚ ፈተና አለ። ከዚያ በፊት ቢሮዬ ነይ» ብለዋት ወጡ።

ሄደች። ከዚያ በኋላም መሄዷን አላቆመችም። ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃት ተቸገረች። «ምንም አናደርግም» አለችኝ። «ቁጭ እንላለን። ትንፋሼን አያለሁ። ሐሳቤ ሲሄድ፣ ሄደ እላለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ድጋሚ ይሄዳል፣ ድጋሚ እመልሰዋለሁ።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «እናቴ ብርጭቆ ስሰብር ‹ቀልብሽን ሰብስቢ› ትለኛለች። ሰው ሁሉ ሰብስቢ ይላል እንጂ እንዴት እንደሚሰበሰብ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አለች።

ድጋሚ ፈተናውን ለጥቂት አለፈች። ስትወጣ በጉጉት ጠበቅኳት። «እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የለካሁት» አለችኝ፤ «ግን ለካሁት።» ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር አሁንም አልረሳሁትም። የደስታም የኩራትም አይደለም። ከሚፈራው ውሻ አጠገብ አልፎ የሄደ ልጅ ፊት ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ ብዬ አያት ነበር። ነርስ እጇን ብዙ ጊዜ ትታጠባለች። እኛ እያወራን፣ እየተሳሳቅን፣ ፈተናውን እያማረርን ነው የምንታጠበው። እሷ ስትታጠብ ግን መታጠብ ብቻ ነው የምትታጠበው። ውሃውን፣ ሳሙናውን፣ ጣቶቿን ታያለች። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ መታጠቧን ግን አልተወችም።

ሌላም ነገር አመጣች። እኛ ኮሌጅ ውስጥ ሁሉም ልጅ አንድ ቃል ነበረው፤ «ተዕባና»። ደክሞኛል ማለት ነው። ፈተና የወደቀችውም ተዕባና ናት፣ ከእጮኛዋ የተጣላችውም ተዕባና፣ እናቷ የታመመችባትም ተዕባና። አንድ ቀን እኔም ተዕባና ስላት በአማርኛ ጠየቀችኝ።

«የትኛው ድካም ነው? ደክሞሽ ነው፣ ሰልችቶሽ ነው፣ ወይስ ሆድ ብሶሽ?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። ሆድ ብሶኝ ነበር። አባቴ ያን ጠዋት እናቴን፣ ከአገር ብንባረር ለክፉ ቀን የያዝነው የለም ሲላት ሰምቼ ወጥቼ ነበርና ውስጤ የነበረው እሱ ነው። ቃሉን ሳገኘው እንባዬ መጣ፤ ከዚያ ቀለለኝ። ከዚያ ወዲህ ከእናቶቻችን ቃል መልቀም ያዝን። ስጋት፣ ቅሬታ፣ እልህ፣ መባባት፣ ድባቴ። የእሷ እናት ከወሎ ይዘዋቸው የመጡትን፣ ግቢው ውስጥ በለሆሳስ ሲናገሯቸው የኖሩትን ቃላት እሷ ለእኔ ታመጣልኛለች። አማርኛዬ የተሻሻለው ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛ ዓመት ላይ የትምህርት ክፍሉ ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ንግግር የማድረግ ተራ ደረሰን። ርዕሳችን ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን ሙቀት ስለመጠበቅ ነበር። በቡድናችን ያሉት ልጆች ሁሉ እኔ እንድናገር ፈለጉ፤ ጩኸት የማያልቅብኝ እኔ ነኝና። እሷ ግን፣ «እኔ ልሞክር» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ግን ልሞክር።»

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የኮሌጁ ኃላፊና መምህራኑ ተቀምጠዋል። ጓደኛዬ ማይክሮፎኑ ጋ ቆመች። ዝም። የመጀመሪያው ሥዕል ግድግዳው ላይ በርቷል፤ እሷ ግን ዝም። እኔ ጎን ላይ ቆሜያለሁ። ሮጣ ትወጣለች ብዬ በሩን አየሁ።

ከዚያ በማይክሮፎኑ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ይቅርታ፤ ፈርቻለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለች።

ከኋላ አንዷ ፈገግ ስትል ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ተዋጠ። እሷ እዚያው ቆመች። ዓይኗን አልጨፈነችም፣ አላጎነበሰችም። ስትተነፍስ ይታያል። እኛ ልጆች ያደግነው ‹እንዴት ነሽ› ሲሉን ‹አልሐምዱሊላህ› ብለን የቀረውን በሆዳችን ይዘን ነው። ፍርሃት የሚደበቅ ነገር ነው። እሷ አውጥታ ሰው ሁሉ ፊት አስቀመጠችው፤ ከአጠገቡም ሳትሸሽ ቆመች። ከዚያ ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይርገበገብ ነበር። ሕፃኑ የእናቱ ደረት ላይ ሲደረግ እንዴት እንደሚሞቅ ማስረዳት ስትጀምር ግን ራሷን ረሳች፤ እጇ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እኛም መፍራቷን ረሳነው።

ሲጨበጨብ እኔ ከሁሉም በላይ ነው ያጨበጨብኩት። ስንወጣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው ሳዑዲያዊት፣ ከሰው ጋር የማትቀላቀል ኮራ ያለች የምትመስል የአገሩ ልጅ፣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ የጓደኛዬን እጅ ያዘች።

«እንዴት አደረግሽው?» አለቻት። «እኔ በየፈተናው ዋዜማ ያስመልሰኛል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ጓደኛዬ ምክር አልሰጠቻትም። «ነይ አብረን እንቀመጥ» ነው ያለቻት።

መቀመጫ ግን አልነበረም። የመምህሯ ቢሮ ጠባብ ነው። ከመስገጃው ክፍል፣ ከሙሰላው አጠገብ፣ ለልምምድ የምንጠቀምባቸው ሰው የሚያካክሉ የላስቲክ አሻንጉሊቶችና የተሰበሩ አልጋዎች የተጠራቀሙበት ክፍል ነበር። መምህሯ አስፈቀዱና በእረፍት ሰዓት እዚያ መቀመጥ ተጀመረ። መጀመሪያ ሦስት ነበርን፤ እኔም በጉትጎታ ገብቼ ማለት ነው። ከዚያ ልጆች እየጨመሩ መጡ። ሶሪያዊት፣ የመናዊት፣ የአገሩ ልጆች፣ ሁሉም ከእነዚያ ዓይናቸውን ካፈጠጡ አሻንጉሊቶች መሀል መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ብዙ ጊዜ የምሳ ነገር ነበር የማስበው። እሷ እንደነገረችኝ፣ ምሳዬን እያሰብኩ መሆኔን ካወቅኩ እሱም ይቆጠርልኛል።

ነገሩ ለሕንፃው ተቆጣጣሪ ደረሰ። ቁልፍ በትልቅ ቀለበት ይዘው የሚዞሩ፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራቸው ሴት ናቸው። አንድ ቀን በሩን ከፍተው ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው? ጸሎት አይደለ፣ ጥናት አይደለ! የህንዶች ነገር ነው አሉ። ክልክል ነው!»

ሁላችንም ልንነሣ ስንል ጓደኛዬ ቁጭ እንዳለች፣ ‹አክስቴ› እንደ ማለት በአክብሮት ጠርታ መለሰችላቸው። «ኻላ፣ ሶላት ላይ ቆመን ልባችን ገበያ የሚሄድብን ጊዜ የለም?»

«አለ» አሉ ሳያስቡት።

«እኛ ልባችን ወዴት እንደሚሄድ እያየን ነው። ሌላ ምንም የለም። ይቀመጡና ይዩን፤ ክፉ ነገር ካገኙብን ያስወጡን።»

ሴትየዋ ትንሽ አመነቱና አንዱ አሮጌ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኛም ዓይናችንን ጨፈንን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዓይኔን ስከፍት ተቆጣጣሪዋ ቁልፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸውን አሻንጉሊቱ ላይ ጥለው ያንኮራፋሉ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። ጓደኛዬ በዓይኗ ከለከለችን። ቀስ ብለን እየተነሣን፣ አንዳችን የሌላችንን ጫማ እያቀበልን ወጣን። «ከሌሊት ጀምሮ የቆሙ ሴት ናቸው» አለች ውጭ ስንደርስ። «እረፍት ያገኙት ዛሬ ይሆናል።»

ተቆጣጣሪዋ ከዚያ በኋላ ስለ ክልክል አላነሡም። አንድ ጠዋት ክፍሉ ተጠርጎ፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘነው። ማን እንዳነጠፈው አልጠየቅንም።

እኔ የእሷን ጓደኝነት ልክ ያወቅኩት ግን በ2015 ነው። የአባቴ ከፊል፣ ማለትም ፈቃዱ በስሙ ያለው ባለሱቅ፣ ሞተ። ወራሾቹ በውርስ ሲጨቃጨቁ የአባቴ ኢቃማ ሳይታደስ ጊዜው አለፈ። አባቴ በየቀኑ እየተሳቀቀ ነበር ዲራ ደርሶ የሚመለሰው። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ቀን፣ አዳራሽ ልገባ ስል እናቴ ደወለች። አባቴ ፍተሻ ላይ ተይዟል።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ አይታኝ መጣች። ነገርኳትና አፏን ስትከፍት፣ «እግርሽ የት ነው እንዳትይኝ! ወላሂ እጣላሻለሁ!» አልኳት።

«አልልሽም» አለች። አጠገቤ ተቀመጠች። ልጆች በአጠገባችን እያለፉ ወደ ፈተናው ይገባሉ። አልፈው እስኪያልቁ ጠብቃ፣ «ምን እየተሰማሽ ነው?» አለችኝ።

«ተናድጃለሁ!»

«በማን?»

«በሁሉም! በሞተው ሰውዬ። በልጆቹ። በአባቴም!»

«በአባትሽም?»

«ዛሬ አትሂድ ብዬው ነበር። ዛሬ ፈተና አለኝ፣ ልቤ አይከፈልብኝ፣ አትሂድ ብዬው ነበር…» መጨረስ አቃተኝ። ንዴቱ ሄዶ ከስሩ የነበረው ወጣ። «መልሰው ቢልኩትስ? እኛስ ምን እንሆናለን?»

ሌላ ሰው ቢሆን ‹አይዞሽ፣ ኢንሻአላህ ይፈታል› ይለኝ ነበር። እሷ፣ «አላውቅም» አለች። «ግን እዚህ ነኝ።» እስክጨርስ አለቀስኩ፤ አላስቸኮለችኝም። የእሷም ፈተና እየጀመረ ነበር። ከዚያ ፊቴን በመሐረቧ ጠረገችና፣ «መግባት ትፈልጊያለሽ ወይስ ወደ እናትሽ መሄድ? ብትሄጂ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ።

እንደማትቀልድ ዓይኗ ይናገራል። እዚያች ደረጃ ላይ ሆና ዓመቱን ሙሉ የደከመችበትን ለእኔ ልትተወው ተዘጋጅታ ነበር። ለእናቴ ደወልኩላት። «ግቢና ተፈተኚ፤ አባትሽ የታሰረው አንቺን ለማስተማር ሲሮጥ ነው» አለችኝ። ገባን። ፈታኟን አስፈቅዳ፣ ስልኬ ከጠራ እንድወጣ ያደረገችልኝ እሷ ናት። ግማሹን በእንባ ነው የጻፍኩት፤ አለፍኩት።

አባቴ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይቶ ተፈታ። የሟቹ ታላቅ ልጅ ከወንድሞቹ ተለይቶ መጥቶ ኃላፊነቱን ወሰደ፤ በኋላም ፈቃዱን በራሱ ስም አዞረለት። አባቴ ጢሙ አድጎ፣ ከስቶ፣ ደረጃውን በዝምታ ወጥቶ መጣ። ጓደኛዬ በዚያ ሳምንት በየቀኑ ከትምህርት ስትወጣ አባቷን እየለመነች ቤታችን ትመጣ ነበር። እናቴ በምትሰፋው ልብስ ላይ ቁልፍ እየተከለችላት አጠገቧ ትቀመጣለች። አብዛኛውን ጊዜ አያወሩም። እናቴ አንድ ቀን፣ «ይቺ ልጅ መጥታ ስትቀመጥ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል» አለችኝ።

በ2016 ተመረቅን። ሁለታችንም አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አገኘን፤ እኔ የአዋቂዎች ክፍል፣ እሷ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ክፍል። ሥራ በጀመርን ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ዕቃ ላደርስ ወደ እሷ ክፍል ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዲት እናት እየጮኸችባት ነበር። የልጄ እጅ ለምን ቀዘቀዘ፣ እናንተ ምን ትሠራላችሁ፣ አለቃሽን ጥሪ ትላለች። እኔ ብሆን አንድ ሁለት ቃል እመልስ ነበር። ጓደኛዬ የሕፃኑን እጅ ዳሰሰች፣ ሙቀቱን ለካች፣ ሽፋኑን አስተካከለች። ሴትየዋ እስክትጨርስ ፊቷን እያየች ሰማቻት። ከዚያ ወንበር ስባ አመጣችላት።

እናትየዋ ተቀመጠች። ጩኸቱ አልቆ ድምፅዋ ትንሽ ሆነ። «ይኖራል?» አለቻት።

«ዛሬ ደህና ነው» አለች ጓደኛዬ። «ነገን አላውቅም፤ ዛሬ ግን በደንብ እየተነፈሰ ነው። ልስጥሽ? ደረትሽ ላይ ይሁን።»

ሕፃኑን ከነቱቦው በጥንቃቄ አንሥታ እናቱ ደረት ላይ አስተኛችው፤ በጨርቅ ሸፈነቻቸው። እናትየዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ልጇን ታየዋለች። ጓደኛዬ አጠገቧ ትንሽ ቆማ፣ ሁሉም ደህና መሆኑን አረጋግጣ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። እኔ እዚያ መቆሜን አላየችም። አልጠራኋትም። ያመጣሁትን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ቀኑን ሙሉ ለማገኘው ሁሉ ስለ እሷ ሳወራ ዋልኩ።